አባቴ ስለ እቴጌዪቱ መጽሐፍ የሰጠው አስተያየት

እኛ ቤት እቴጌዪቱ የሚነሱት እንደ ዘመድ ነበር። ስማቸውን እዚህ አልጠራም። ከጠራሁት አንባቢው ስለሳቸው ያለውን የራሱን ክርክር ይዞ ይመጣና የኔ ወሬ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ዘውድ የጫኑ፣ አገር ያወቃቸው ሴት ነበሩ ማለት ይበቃል። ሳሎናችን ውስጥ ከኔና ከወንድሜ የምረቃ ፎቶ ከፍ ብሎ፣ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ ተቆርጦ መስታወት የገባለት ምስላቸው ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ አባቴ "ተቀመጡ" ከማለቱ በፊት ምስሉን ቀና ብሎ ያያል። እንግዳው "እኚህ ማን ናቸው?" እንዲለው ይጠብቃል። እንግዳው ካልጠየቀ ራሱ ይጀምራል።

"ቅድመ አያቴ ናቸው።"

ታሪኩ እንዲህ ነበር። እቴጌዪቱ ዘውድ ከመጫናቸው ከብዙ ጊዜ በፊት፣ በልጅነት ትዳራቸው ዘመን፣ አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ልጅቱ ጎጃም ዘመድ ዘንድ ተላከች፤ እዚሁ አደገች፣ አገባች፣ የአባቴን አባት ወለደች። አባቴ ይህን ከአባቱ ሰማ፤ እኔም ከአባቴ ሰማሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ "ልዕልት" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ለአባቴ ስነግረው፣ "ምን ሹፈት አለው? እውነታቸውን ነው" ብሎኝ ጋዜጣውን ማንበብ ቀጠለ።

አባቴ ውሸታም ሰው አይደለም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አማርኛ ያስተማረ፣ ዛሬም በየሱቁ በር ላይ የተጻፈውን ማስታወቂያ ፊደል ሳያርም የማያልፍ ሰው ነው። "ፀጉር ቤት" በየትኛው "ጸ" መጻፍ አለበት በሚል ከአንድ ፀጉር አስተካካይ ጋር ተኳርፎ ያውቃል። ስለ ቅድመ አያቱ የሚናገረውን ግን አንድም ቀን አጣርቶት አያውቅም። ማን የገዛ አያቱን ያጣራል?

እናቴ ካረፈች ወዲህ እኔና እሱ አብረን እንኖራለን። እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። ታሪክም ሥነ ጽሑፍም መስኬ አይደለም፤ መጽሐፍ ማንበብ የጀመርኩት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በየወሩ የሚደረገውን የንባብ ውይይት ካገኘሁ በኋላ ነው። ውይይቱን የምታዘጋጀው ድሮ ያስተማርኳት ልጅ ናት። አሁን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሆናለች። በቴሌግራም አንድ መጽሐፍ ይመረጣል፣ የቻለ ይገዛል፣ ያልቻለ ይዋሳል፣ ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስበን ያሰብነውን እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት ከክረምት በኋላ የተመረጠው መጽሐፍ የእቴጌዪቱ የሕይወት ታሪክ ነበር። አዲስ የወጣ፣ ወፍራም፣ ጀርባው ላይ የደራሲው ፎቶ ያለበት። መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ገዝቼ ለአባቴ አመጣሁለት። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

"በመጨረሻ!" አለ።

ለቤተ መጻሕፍቷ ልጅ ስለ አባቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ደስታዋን አልቻለችውም። በማግስቱ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ወጣ። የመጽሐፉ ሽፋን፣ ከሥሩ የአባቴ ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ "የእቴጌዪቱ የልጅ ልጅ ልጅ የክብር እንግዳ ሆነው ይገኛሉ" የሚል ጽሑፍ። የአባቴ የዕድር ጓደኞች ስልካቸው ላይ እያዩ ደወሉለት። ሙሉ ልብሱን ለላውንደሪ ሰጠ።

መጽሐፉን ማንበብ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እርሳስና ማስመሪያ ይዞ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ነው የሚያነበው። ራት ላይ የወደደውን ያነብልኛል። "ተመልከች! ለመልእክተኛው የሰጡትን መልስ ተመልከች! ይሄ የኛ ቤት አነጋገር አይደለም?" ይለኛል። እኔም እስቃለሁ። አንዳንዴ እውነትም የሱን አነጋገር ይመስላል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መጽሐፉን ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። መነጽሩ ላዩ ላይ ተቀምጧል። አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

"ይሄ ሰውዬ ተሳስቷል" አለኝ ዞር ሳይል።

"ማነው?"

"ደራሲው። ልጅ አልወለዱም ይላል። በየትኛውም ትዳራቸው።"

ገጹን ገልጬ አነበብኩት። ነገሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከሥሩ በግርጌ ማስታወሻ፣ ልክ ስለኛ የተጻፈ ይመስል፣ በተለያዩ አካባቢዎች የእቴጌዪቱ ዘር ነን የሚሉ ቤተሰቦች እንዳሉና አንዳቸውም ማስረጃ እንደሌላቸው ይናገራል።

"ምናልባት አላገኘ ይሆናል" አልኩት።

"አላገኘማ! መቼ መጥቶ ጠየቀ? ጎጃምን ረግጧታል?"

ቀጥሎ ያሉት ቀናት ክፉ ነበሩ። መጽሐፉን እንደገና ከፍቶ ስህተት መፈለግ ጀመረ። አንድ የተገደፈ ነጥብ ሲያገኝ "አየሽ? ነጥብ እንኳን በቅጡ አያውቅም" ይለኛል። ቴሌግራሙ ላይ ሰዎች ገና ሳይሰበሰቡ አስተያየት መጻፍ ጀምረው ስለነበር እሱን እየተከታተለ ይበሳጫል። አንዷ "ይህን መጽሐፍ ያላነበበ ሴትን አያውቅም" ብላ ጻፈች። አንዱ "ደራሲው ወዷቸዋል፤ የወደደ ሰው ደግሞ ታሪክ አይጽፍም" ብሎ መለሰ። ሌላው በጥቅሉ "ክፉ ሴት ነበሩ" ብሎ አለፈ። አባቴ ይህን የመጨረሻውን ሲያይ ስልኩን አስቀምጦ፣ "ስለ ሰው አያት እንዲህ ይባላል?" አለ። "አያት" ያላት ቃል ግን አፉ ላይ የከበደችው መሰለኝ።

"እትዬን እንጠይቃት" አለ በመጨረሻ።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አባቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አማኑኤል የምትባል ትንሽ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከቤተሰቡ ሽማግሌ የቀሩን እሳቸው ብቻ ናቸው። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሌላ ቀን ይዘጋል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሚኒባስ ተገኘ ሲባል መጽሐፉን በፌስታል ይዘን ሄድን።

አክስቴ ደጃቸው ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ጠጠሩን የሚለዩት በጣታቸው ነው። ጉንጫችንን ስመው ሲያበቁ አጠገባቸው አስቀመጡን። አባቴ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀ። ፌስታሉ ጉልበቱ ላይ ነው።

"እትዬ" አለ ኋላ፣ "አያታችን የእቴጌዪቱ ልጅ ነበረች አይደል?"

የአክስቴ እጅ አላቆመም። "ዛሬ ደግሞ ምን አስታወሰህ?"

"መጽሐፍ ወጥቷል። ልጅ የላቸውም ይላል።"

"እና?"

"እናማ ውሸት ነው! አንቺ ታውቂያለሽ አይደል?"

አክስቴ አንዲት ጠጠር አገኙ፤ ዳሰስ ዳሰስ አርገው ወደ ግቢው ወረወሯት።

"መጽሐፉ ልክ ነው" አሉ።

አባቴ ወደኔ ዞረ፤ በደንብ ሰምቼ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ይመስል ነበር።

"አያታችን የምትለው እንዲህ ነበር" አሉ አክስቴ። "'እኔ የእቴጌ ቤት ልጅ ነኝ።' የቤት ልጅ። እናት አባቷ በሕፃንነቷ ሞቱባት፤ ዘመድ ወስዶ ግቢ አስገባት። መጀመሪያ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር፤ ጠና ስትል ፈታይ ሆነች። እዚያ በልቶ ያደገ ሁሉ የቤት ልጅ ነው የሚባለው። ቤቱ ሲበተን ወደዚህ ተመለሰች፤ ሰውም 'የእቴጌ ቤት ልጅ' እያለ ይጠራት ነበር።"

"አባባስ? አባባ እኮ ነው የነገረኝ።"

"አባታችን 'ቤት' የምትለዋን ቃል ጣላት።"

"አውቆ?"

"እንጃ። መጀመሪያ ሰው ጣለለት መሰለኝ። አንድ ሠርግ ላይ አዝማሪው የእቴጌ የልጅ ልጅ እያለ ገጠመለት። ሰው እልል አለ። አባታችን ደስ አለው፣ ዝም አለ። የሚቀጥለው ድግስ ላይ ራሱ ተናገረው። አንተ ስትወለድ ነገሩ ያለቀለት ነበር።"

አባቴ ፌስታሉን ከጉልበቱ ላይ አንስቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። "ይሄን ሁሉ ዘመን" አለ፣ "ሰው ፊት እንዲያ ስናገር እየሰማሽ፣ ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቅከኝ? ትናገራለህ እንጂ ጠይቀህ ታውቃለህ?"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልጨመረም። ምስሩን ወደ ጎን አድርገው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ደግሞም የራሴ ምክንያት ነበረኝ" አሉ። "ባሌ ልጅ አልወለድሽልኝም ብሎ የመለሰኝ ጊዜ አንተ ትንሽ ነበርህ፤ አታስታውስም። እናታችን አለቀሰች፣ አባታችን ሰው አላናግርም አለ። እኔ አያቴ ጎጆ ገብቼ ተኛሁ። አርጅታለች፤ እንዝርቷን ግን አልተወችም። አጠገቤ ተቀምጣ እየፈተለች፣ 'እቴጌም ልጅ አልነበራትም' አለችኝ። 'ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። እኛ ሕፃናቱ በፊቷ ስናልፍ ግን ሥራዋን ትታ ታየን ነበር።' ሌላ ምንም አላለችኝም። እኔም ያቺን ነገር ይዤ ተነሳሁ። ዘውድ የጫነች ሴት እንደኔ ነበረች ብዬ።"

ሰፌዱን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

"ከዚያ አባታችን በየድግሱ ወለደች፣ ወለደች ይላል። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። በልቤ የኔን ሴት ወሰዱብኝ እል ነበር።"

አክስቴ ልጅ እንዳልነበራቸው ድሮም አውቅ ነበር፤ ስለሱ ሲናገሩ ግን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

"እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል? ስለ ልጁ ነገር" አሉ።

አባቴ መነጽሩን አውጥቶ ገጹን ፈልጎ አነበበላቸው። ለማንበብ አንድ ትንፋሽም አልፈጀበትም።

"በቃ?" አሉ አክስቴ።

"በቃ።"

"ይሄን ሁሉ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ?"

ስንመለስ አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ ወደ ውጭ እያየ መጣ። ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ስንደርስ፣

"ፈታይ" አለ።

"ምን አልክ አባዬ?"

"ፈታይ ነበረች። ጥሩ ሙያ ነው።"

እስከ ቅዳሜው ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበር። አሞታል ብለን እንድንቀር ሐሳብ አቀረብኩለት። ሙሉ ልብሱ ከላውንደሪ መጥቶ በር ላይ ተንጠልጥሏል። "ሳያመኝ አመመኝ አልልም" አለኝ። እንዲያውም መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ እንደገና ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ እርሳስም ማስመሪያም አልያዘም። አንድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ ሻይ አመጣሁለት። ብርጭቆውን ተቀብሎ አልጠጣም።

"ስሚኝ" አለኝ። "ዘመዴ ሳሉ ስለኚህ ሴትዮ ምንም አላውቅም ነበር። ምን እንደሚወዱ፣ ከማን ጋር እንደተጣሉ፣ እንዴት እንዳረጁ። የኔ ናቸው ብዬ ተቀምጫለሁ፣ አለቀ። አሁን ባዳ ከሆኑ በኋላ ነው የማነባቸው።"

"ትወዳቸዋለህ?"

አሰበበት። "አንዳንድ ቦታ አይወደዱም" አለ። "ቀድሞ ቢሆን ይሄን አልልም ነበር።"

ቅዳሜ አዳራሹ ከወትሮው በላይ ሞልቶ ጠበቀን። የዕድር ጓደኞቹ ፊት ረድፍ ይዘዋል። አባቴን መድረክ ላይ፣ ውይይቱን ከሚመራው የዩኒቨርሲቲ መምህር አጠገብ አስቀመጡት። የቤተ መጻሕፍቷ ልጅ አበባ ሰጠችው። አበባውን ጭኑ ላይ አርጎ፣ ተራው እስኪደርስ የሌሎቹን አስተያየት ሰማ።

መጀመሪያ የተናገረች አንዲት ነርስ ነበረች። "ደራሲው 'ቆንጆ ነበሩ' የሚለውን ስንት ቦታ ደጋገመው!" አለች። "የወንድ ታሪክ ሲጻፍ እንዲህ ይደረጋል? ብቻቸውን ሲሆኑ ምን ያደርጉ እንደነበር ብሰማ ይሻለኝ ነበር።" ሴቶቹ አጨበጨቡ። ቀጥሎ አንድ ጠበቃ ተነሥቶ መጽሐፉ ለሴትየዋ ጠበቃ እንጂ ዳኛ አልሆነም፣ ያጠፉትን ሁሉ በሌላ ሰው ላይ ያላክካል አለ። ዲማ ሄደው ቅኔ የተማሩ፣ አሁን ከተማው ውስጥ የሚያገለግሉ አንድ መሪጌታ ደግሞ፣ "እቴጌዪቱ ግእዝ ያውቁ ነበር ይለናል። መልካም። እንግዲያው ምን አነበቡ? ምን ተቀኙ? አንዲት መስመር ቢሰጠን ምን አለበት?" አሉ። አንድ ነጋዴ መጽሐፉን እንዳላነበበ በግልጽ ተናግሮ ከሁሉም የረዘመ አስተያየት ሰጠ። መድረክ መሪው ሦስተኛ ጊዜ "ይጠቃለል" ሲለው ነው የተቀመጠው።

ከዚያ አባቴ ተጠራ። ጭብጨባው ቀለጠ። ተነሥቶ አበባውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። ሁለት እጁን ወደኋላ አጣመረ፤ ክፍል ውስጥ እንዲህ ነበር የሚቆመው።

"ከአስተያየቴ በፊት አንድ እርማት አለኝ" አለ። "ማስታወቂያው ላይ አንድ ቃል ተገድፏል። እኔ የእቴጌዪቱ ዘር አይደለሁም። አያቴ የእቴጌዪቱ ቤት ልጅ ነበረች። 'ቤት' የምትለዋ ቃል ከኛ ቤት ከጠፋች ቆይታለች።"

መሪጌታው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። "ወይ ግሩም!" አሉ። "ቤት ከቤት ጠፋ! ሰምና ወርቅ ነው!" አዳራሹ ሳቀ፣ አጨበጨበ። ሁሉም ትሕትና መሰለው፤ አባቴ ቅኔ የተቀኘላቸው መሰላቸው። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ፊቴን በእጄ ያዝኩ።

አባቴ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ።

"ቅኔ አይደለም" አለ። "ፈታይ ነበረች። ለግቢው ሰው ጥጥ የምትፈትል ወላጅ አልባ ልጅ ነበረች። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ነገር ስነግራችሁ የኖርኩት ሳልጠይቅ ነው። አንዳንዶቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ ሰምታችሁኛል። ይቅርታ።"

አሁን ያጨበጨበ አልነበረም። ከፊት ረድፍ አንዱ የዕድር ጓደኛው ሲስል ተሰማ። አባቴ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ መጽሐፉ ገባ። ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ተናገረ። በመጀመሪያው ንባብ ደራሲውን ጠልቶት እንደነበር፣ በሁለተኛው እንዳከበረው ነገራቸው። ማስረጃ ያላገኘበት ቦታ ላይ ዝም ማለቱን እንደወደደለት፣ የጦርና የሸንጎው ምዕራፍ እንደረዘመበት፣ ከጠበቃው ጋር ደግሞ በግማሽ እንደሚስማማ ተናገረ። "አንድ ቅሬታ አለኝ" አለ ሲጨርስ። "እንደኔ ያሉ ቤተሰቦች ማስረጃ የላቸውም ብሎ ጽፏል፤ ልክ ነው። ግን መጥቶ ቢጠይቅ ኖሮ እውነቱን የምታውቅ ሰው ነበረች።" ማን እንደሆነች አልተናገረም።

ሲወጣ ነርሷ እጁን ጨበጠችው። የዕድር ጓደኞቹ በር ላይ ጠበቁት። አንደኛው፣ "ምን አስቸኮለህ? ሰው ፊት ሳትናገር ብትተወውስ?" አለው። ሌላኛው፣ "እኔ ግን ድሮም አላመንኩህም" አለና ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ፊቱ ግን ገርጥቶ ነበር።

ቁጣው የመጣው ከዘመድ ነው። አንድ ሰው ንግግሩን በስልኩ ቀርጾ ቴሌግራም ላይ ለቆት ነበር። የአባቴ አጎት ልጅ ባሕር ዳር ሆኖ አይቶት ደወለ። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማኛል። "የቤተሰቡን ስም አፈር አስገባህ! በልጄ ሠርግ ላይ ምን ልንል ነው?" አባቴ እስኪጨርስ አዳመጠውና፣ "ፈታይ ነበረች በል" አለው። ስልኩ ተዘጋ። ያ ሰው እስከ ዛሬ አይደውልልንም፤ ለሠርጉም አልጠራንም። ይህ አባቴን እንደጎዳው አውቃለሁ። የእቴጌዪቱን ምስል ግን አላወረደውም፤ እንግዳ ሲጠይቀው አሁንም ይመልሳል፣ ታሪኩ ብቻ ከድሮው ረዝሟል።

መንገዱ እንደገና ሲከፈት አክስቴ ዘንድ ሄድን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል።

"ስለኔም ተናገርህ?" ብለው ጠየቁት ገና ሳንቀመጥ።

"አልተናገርኩም እትዬ።"

"ደህና አደረግህ።" ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ያን መጽሐፍ ይዘሻል?" አሉኝ።

ይዤው ነበር። የዚያን ቀን መጀመሪያውን ምዕራፍ አነበብኩላቸው። ከዚያ በኋላ መኪና በተገኘ ቁጥር እየሄድኩ፣ አንዳንዴ ከአባቴ ጋር፣ አንዳንዴ ብቻዬን፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አነበብኩላቸው። ይህን ጽሑፍ ስጽፍም አስፈቅጃቸዋለሁ። "ስም አትጥሪ እንጂ ጻፊው" ብለውኛል።

አክስቴ እንደ አባቴ አይደሉም፤ ከመጽሐፉ ጋር ይነጋገራሉ። እቴጌዪቱ ሲበደሉ "ተያት እባክህ!" ይላሉ። ሲበድሉም አይሸሽጉላቸውም። በአንዱ ምዕራፍ እቴጌዪቱ አንድን ሹም አዋርደው ያባረሩበት ታሪክ አለ። እዚያ ላይ እህትና ወንድም ተጋጩ።

"ይሄ ጭካኔ ነው" አለ አባቴ። "ሰውዬው ምን አደረገ?"

"ንቋታል።"

"መናቁ የት ተጻፈ?"

"አይጻፍም! የተናቀች ሴት ናት የምታውቀው። አንተ ምን ታውቃለህ?"

"እትዬ፣ እኔ የምለው ማስረጃ..."

"ማስረጃህን ያዝ። አንቺ፣ ቀጥዪ።"

እኔ እቀጥላለሁ። አባቴ ያጉረመርማል። ከዚህ በፊት ሁለቱ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ከመጠያየቅ አልፈው ሲከራከሩ አይቼ አላውቅም።

መጽሐፉን ከፋሲካ በፊት ጨረስነው። የመጨረሻው ምዕራፍ የእቴጌዪቱ የብቸኝነት ዓመታት ነው፤ አክስቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። የተኙ መስሎኝ ድምፄን ስቀንስ፣ "አልተኛሁም" አሉኝ። ሳበቃ አባቴ እንደ መድረክ መሪ፣ "እህሳ፣ አስተያየትሽ?" አላቸው።

"ሰውየው ደግ ሰው ነው" አሉ። "ለፍቷል። ስለ ልጁ ነገር ግን በአንዲት መስመር አለፈ። እኔ የኖርኩበት ዕድሜ ነው እሷ መስመር። እንደው ሴት ቢያማክር ምን አለበት?"

አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ፌስታሉ ውስጥ ከተተው።

"ሌላ መጽሐፍ አምጪልኝ" አሉኝ ሲሸኙን።

"የንጉሥ ታሪክ ይሁን?" አላቸው አባቴ።

"ሚስት ካለው ይሁን። ግን ስለ ሚስቱም የሚያወራ መሆን አለበት።"

ከዚያ ወዲህ ሸራው ላይ መጽሐፍ የሚሸጠውን ሰው በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ። እያገላበጠ ያሳየኛል፤ እስካሁን እሳቸው ያሉትን ዓይነት አላገኘሁም።